የጮቄን ተራራ ከጓደኞች ጋር፦ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በቀኑ የመመለስ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስ ላይ ወጣቶች ቡና ይዘው ከተቀመጡ «አንድ ቀን ጮቄ እንውጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም «እንውጣ!» ይላል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ለሁለት ቀን ይሞቃል። ከዚያ አንዱ ፈተና አለብኝ ይላል። አንዷ ብር የለኝም ማለት ይከብዳትና ዝም ትላለች። ግሩፑ የቀልድ ቪዲዮ መላኪያ ሆኖ ይቀራል። የወጡትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ተበታትነው ነው የሚመለሱት። ጠንካሮቹ ጫፍ ላይ ፎቶ ሲነሱ የደከሙት ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ይመስለኛል። ጉዞው የሚታቀደው ከመካከላችን በጣም በጠነከረው ሰው ልክ ነው። መሆን ያለበት ግን ተቃራኒው ነው። መዋጮውን ኪሱ በሳሳው ልክ ቁረጡ። ልብሱን ጃኬት በሌላት ልክ አስቡ። እርምጃውን ትንፋሹ ቶሎ በሚያጥረው ልክ አድርጉ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ፦ የምትወጡበትን ተራራ እወቁ

ጮቄ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠራ ሰፊ ተራራ ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን እንደ ሾጣጣ ተራራ ከሩቅ ተለይቶ አይታይም። ቀስ እያለ የሚነሳ፣ እየሰፋ የሚሄድ ደጋ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ዓይን «ይሄማ ሜዳ ነው» ሲል ሳንባ ሌላ ነገር ይናገራል።

ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ እነዚህ ሁሉ ወንዞች ከዚህ ተራራ ዙሪያ ተነስተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጎጃምን ዓባይ እንደከበበው ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ከመሃል ሆኖ ውሃውን የሚልክለት ግን ጮቄ ነው። ላይ ስትወጡ ሣሩ ሥር የሚርገበገብ ውሃ ያዘለ መሬት ታያላችሁ። የእነዚያ ወንዞች መነሻ እንዲህ ያለው ረግረግ ነው። ስለዚህ እግራችሁን የምታሳርፉበትን ቦታ ምረጡ። የሰው ዱካ ያለበትን መንገድ ተከተሉ።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጫፉ ከዚያ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ደስ የሚል ፀሐይ ባለበት ሰዓት ላይኛው ጮቄ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ንፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አየሩም ይሳሳል። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የማርቆስ ልጅ በተወሰነ ደረጃ ለምዶታል። ከባሕር ዳር ወይም ከቆላ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ግን ቢያንስ በዋዜማው ማርቆስ ይደር። በዚያው ቀን ከመኪና ወርዶ ተራራ አይውጣ።

ሰው ስትመርጡ

ከአምስት እስከ አሥር ሰው ደስ ይላል። ከዚያ ካነሰ የመኪናው ዋጋ ይከብዳል። ከዚያ ከበዛ ደግሞ ሰው መቁጠር ብቻውን ሥራ ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው መኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን ግዴታ አይደለም። ግዴታው እርስ በርስ መነጋገር የሚችሉ ሰዎች መሆናችሁ ነው። «ደከመኝ» ለማለት የማታፍሩበት ቡድን ይሁን።

ግሩፕ ላይ ሁሉም ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ አለ። አስም ያለበት፣ የልብ ችግር ያለበት፣ የደም ማነስ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች ለአስተባባሪው በግል ይንገር። አስተባባሪውም በግል ይጠይቅ። እንዲህ ያለ ሁኔታ ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መልሱ «አትውጣ» ከሆነም ከቡድኑ አይወጣም። መኪናው የሚቆምበት ድረስ መጥቶ እዚያ ያለውን ገጠር እያየ መዋል ይችላል። ያም ራሱ ትልቅ ቀን ነው።

ሦስት ሥራ ለሦስት ሰው አከፋፍሉ። አንዱ አስተባባሪ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ፣ አንዱ ደግሞ በመንገድ ላይ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ ይሁን። የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ይመስላል። ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ቀን መቁረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባትሞክሩት ይሻላል። ጭቃ ነው፣ ጉም ነው፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። መስከረም መጨረሻ ላይ አበባው ያማልላል፤ መሬቱ ግን ገና ውሃ ነው። የኔ ምርጫ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ገብሱ እንደየቦታው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲዞር ያምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጠዋት በጣም ይበርዳል። የካቲትና መጋቢት ላይም መውጣት ይቻላል፤ ግን አቧራና ጭጋግ ስለሚኖር ሩቁ አይታይም።

ቅዳሜ ከእሑድ ይሻላል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድም ጓደኛ አለ። ደግሞ ከጉዞው ማግሥት የሚያርፉበት ቀን ያስፈልጋችኋል። የፈተና ሳምንትን፣ የቤተሰብ ማኅበርን፣ የሠርግ ወርን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ስንቁም ይለወጣል።

አንድ ዋና ቀንና አንድ ተለዋጭ ቀን ያዙ። ይህን አትዝለሉት። መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ትራንስፖርት እንደልብ መኖሩን ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ሳምንትና በዋዜማው ከሹፌሮችና እዚያ ዘመድ ካላቸው ሰዎች ጠይቁ። የሚያጠራጥር ነገር ከሰማችሁ በተለዋጩ ቀን ሂዱ። እሱም ካልሆነ ተዉት። «ብር ተከፍሏል» የሚል ምክንያት ማንንም መንገድ ላይ ማውጣት የለበትም።

ገንዘብ፦ ዝም ያለችውን አስቡ

ብዙ ጉዞ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ሰው ብር የለኝም አይልም። «አልመቸኝም» ይላል።

መጀመሪያ ጠቅላላ ወጪውን ጻፉ። የመኪና ኮንትራት፣ ለመንገድ መሪ፣ የጋራ ስንቅ፣ ድንገተኛ ወጪ። ለድንገተኛው ከጠቅላላው አሥር በመቶ ያህል ያዙ። ከዚያ ለሰው ቁጥር አካፍሉ። የሚደርሰው ድርሻ ለተማሪ ኪስ የሚከብድ ከሆነ ወጪውን ቀንሱ እንጂ ሰው አትቀንሱ። ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። ሁለት ሰው ሲጨመር የሁሉም ድርሻ ይወርዳል።

ከዚያ እንደ ዕቁብ አድርጉት። ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብር ለገንዘብ ያዡ በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ። በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ የሚያስደነግጠው ብር በሳምንት ሲከፋፈል የሻይና የዳቦ ዋጋ ይሆናል። ገንዘብ ያዡ የገባውን ግሩፕ ላይ በድምሩ ብቻ ያሳውቅ። «እከሌ አልከፈለም» እያለ ስም አይጥራ። የቀረበትን ሰው ለብቻው ያናግረው።

ብር የሚያጥራት ልጅ እናቷ ያዘጋጁትን በሶ ወይም ዳቦ ይዛ ብትመጣ ድርሻዋ ነው። በገበያ ዋጋ አስቡትና ከመዋጮዋ ቀንሱላት። እንዲህ ሲሆን ማንም የማንም ውለታ የለበትም።

እግርን ማለማመድ

ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ጊዜ አብራችሁ ተራመዱ። ይህ ከጮቄው ቀን ያልተናነሰ ደስታ አለው። ከሥራ ወይም ከክፍል በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከተማው ውስጥ ዳገት ሞልቷል። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት በኩል አድርጋችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወርዶ መመለስ ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሦስት ለአራት ሰዓት ያህል ተራመዱ። በመጨረሻው ሳምንት ቀላል አድርጉት።

በእነዚህ ልምምዶች ላይ አንድ ነገር ታያላችሁ። ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ሲርበው እንደሚነጫነጭ ታውቃላችሁ። የጉዞው ቀን የሚያስፈልጋችሁ እውቀት ይኼ ነው። ጫማም እዚሁ ይፈተናል። ለጉዞው ብሎ በዋዜማው አዲስ ጫማ የገዛ ሰው እግሩ መላላጡ አይቀርም።

ልብስና ጫማ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሥሩ የማያንሸራትት ስኒከር ይበቃል። ሥሩ ያለቀ ከሆነ ግን ረግረጉና ጠዋት በውርጭ የረጠበው ሣር ይጥላችኋል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ። አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይደረጋል።

ልብስ መደራረብ አለበት። ከውስጥ ቲሸርት፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም ላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጂንስ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ ይበርዳል። የስፖርት ሱሪ ይሻላል። የገጠሩ ሰው በቁምጣ ሲሄድ አይታችሁ እንዳትከተሉት። እሱ ከልጅነቱ የለመደው ብርድ ነው። ኮፍያ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዙት።

ጃኬት የሌለው ሰው ካለ በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት እወቁ። ወንድም እኅት ያላችሁ ትርፍ ሰብስቡ። ካልተገኘ ጋቢ የሚተካው የለም። እረፍት ላይ ላብ ሲቀዘቅዝ ጋቢ ላይ የሚደርስ ጃኬት አላየሁም። ለቡድኑ ሁለት ጋቢ ቢያዝ ለደከመው፣ ለታመመው፣ ለመቀመጫውም ይሆናል።

ፀሐዩን አትናቁት። ስለሚበርድ አይታወቅም እንጂ ከፍታ ላይ ፀሐይ ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል። ኮፍያው ባለ ጥላ ይሁን። የፀሐይ ቅባት አንድ ሰው ይግዛና ሁሉም ይቀባ።

ዱላ ደግሞ ያዙ። ጎጃም ውስጥ ዱላ ማግኘት አይቸግርም። ዳገት ላይ ያግዛል፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት ያድናል፣ ረግረግ መሆኑን ሳትረግጡ ለማየት ይጠቅማል።

ስንቅ

አያቶቻችን ለረጅም መንገድ የሚይዙት ነገር ለዚህ ተራራ የተሠራ ይመስላል። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ በትንሽ ውሃ ይበጠበጣል፣ ያጠግባል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለብርድ ጥሩ ነው፤ ግን ጾም ካልሆነ ብቻ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዝና እየተራመዱ ይበላል። የድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣና ጨው ጋር፣ ሙዝ። የሚጾም ሰው ካለ የጋራ ስንቁ በሙሉ የጾም ይሁን። ማንም አይጎድልበትም። ሥጋ ወይም ቋንጣ የሚያዝ ከሆነ ሙስሊም ጓደኛችሁ የሚበላው ተለይቶ ይያዝ። ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁት እንጂ እዚያ ደርሳችሁ «ለካ አትበላም?» አትበሉት።

ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። የጮቄ ምንጭ ጥርት ብሎ ሲታይ መጠጣት ያምራል። ከብት የሚውልበት ቦታ ስለሆነ ግን ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አትጠጡ። አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ በስኳር ወይም ቡና ብትይዙ ከምትሸከሙት ሁሉ የላቀ ዋጋ ያለው እሱ ይሆናል።

ጠላና አረቄ ለመልስ ይቆይ። አልኮል ከከፍታ ጋር ሲገናኝ ራስ ምታቱን ያብሳል፣ ብርዱንም ሳይታወቃችሁ ሰውነታችሁ ውስጥ ያስገባዋል። ጫትና ሲጋራም ትንፋሽ በሚፈለግበት ቦታ አይጠቅሙም።

መኪናና መንገድ መሪ

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ ወደ ድጎ ጽዮንና ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ ጮቄን አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ከፍታው ላይ በመኪና ብዙ ርቀት መቅረብ ይቻላል። ሚኒባስ በኮንትራት ስትይዙ ሹፌሩን ሦስት ነገር ጠይቁ። መንገዱን በቅርብ ሄዶበት ያውቃል? እኛን ጠብቆ ይመልሰናል ወይስ አድርሶ ይሄዳል? በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው? ዋጋው ደርሶ መልስ ይሁን። ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። «አድርሼ ሌላ ሥራ ሠርቼ እመጣለሁ» የሚል ሹፌር ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ላይ ላይ ኔትወርክ በየቦታው ስለማይያዝ መጥፋፋት ቀላል ነው።

የአካባቢ ሰው ሳይዙ ከመንገዱ አይውጡ። ጉም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። ሲወርድ ሁሉም ጉብታ አንድ ዓይነት ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ውሻ ያለበትን ደጃፍ፣ ረግረጉን፣ አቋራጩን ያውቃል። በአካባቢው የእንግዳ ማረፊያና የቱሪዝም ሥራም ተጀምሯል። የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ለመንገድ መሪው የሚከፈለውን ገና ከመነሻው ተስማሙ። ሲመለሱ መከራከር ያስነውራል። ስንቃችሁንም አካፍሉት።

የጉዞው ቀን፦ አረማመድ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሱ። ቁርስ በልታችሁ ውጡ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት አስተባባሪው ሁለት ነገር ይናገር። አንደኛው የመመለሻ ሰዓት ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን። ጫፉ አንድ ጉብታ ቢቀረውም እንመለሳለን። ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ለቁልቁለቱና ለመኪናው መንገድ ብርሃን መትረፍ አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ማንም ብቻውን አይሄድም፣ ማንም ብቻውን አይቀርም።

ከመኪና ስትወርዱ ወዲያው አትሩጡ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እዚያው ተዘዋወሩ። ጫማ እሰሩ፣ ሻይ ቅመሱ፣ ለገጠሩ ሰው ሰላምታ ስጡ።

ከዚያ አሰላለፉ እንዲህ ይሁን። ከፊት መንገድ መሪው። ከእሱ ቀጥሎ ከመካከላችሁ ቀርፋፋው ሰው። ከኋላ ደግሞ ጠንካራው፣ ያ ቀድሞ የተመረጠው የኋላ ሰው። ብዙ ቡድን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ጠንካሮቹ ከፊት ይነጉዳሉ፣ ደካማው ከኋላ ይጎተታል። እነሱ ቆመው አርፈው ይጠብቁታል። እሱ ሲደርስ «በል ደረስክ፣ እንሂድ!» ብለው ይነሳሉ። እነሱ አርፈዋል፤ እሱ ግን አንድም ጊዜ አላረፈም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከሆነ ሰው ተራራውን ሳይሆን ጓደኞቹን ይጠላል። ቀርፋፋው ከፊት ሲሆን ሁሉም በእሱ ልክ ይሄዳል። እረፍትም የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ አርፉ። ስትቀመጡ ጃኬት ወይም ጋቢ ደርቡ፣ ስትነሱ አውልቁ። ውሃ ሳይጠማችሁ ተጎንጩ። ቆሎ በየመሃሉ ቆርጥሙ። የደከመውን ሰው «በርታ» እያላችሁ አትግፉት። ቦርሳውን ያዙለት፤ ቃል ሳይበዛ። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ያ ከኋላ የሚሄደው ሰው ነው። ለዚህ ነው ትንሽ የሚመስለው ሥራ ትልቅ የሆነው። እሱ ማን እንደተንገዳገደ፣ ማን ዝም እንዳለ ያያል።

ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የገብሱና የድንቹ ማሳ ያበቃል። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይመጣል። ከዚያ ጓሳ ሣር፣ በመሃሉም ጅብራ። ጅብራን በቅርብ ያላየ ሰው ካለ ቆም በሉ። ቅጠሉ ብቻ የሚታየው ገና ያላበበው ነው። ብዙ ዓመት እንዲያ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ግንድ ያወጣና ይሞታል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም በተፈጥሮ አይበቅልም። ስለዚህ እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትደገፉት፣ ቅጠሉን አትገንጥሉ፣ ስም አትቅረጹበት። ጓሳውንም ያለ ምክንያት አትርገጡ። የአካባቢው ሰው ቤት የሚከድንበትና ገመድ የሚሠራበት ሀብቱ ነው።

ሰውነት «በቃኝ» ሲል

ትንሽ ራስ መክበድና ትንፋሽ ማጠር ያጋጥማል። ቆሞ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ፍጥነት መቀነስ ይበቃል። ራስ ምታቱ ካልተወ፣ ማቅለሽለሽ ከተጨመረ፣ ከመጠን ያለፈ ድካም ከመጣ ከዚያ በላይ አይወጣም። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ለውጥ ያመጣል። ፓራሲታሞል ወስዶ መውጣቱን መቀጠል ግን ምልክቱን መሸፈን ነው።

ተቀምጦ እያረፈም ትንፋሹ የሚያጥረው፣ የሚወላገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ ሰው ካያችሁ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ወዲያው አውርዱትና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የታመመ ሰው ብቻውን አይወርድም፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻም አይላክም። መንገድ መሪው አንድ ብቻ ከሆነ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ጫፉ የትም አይሄድም።

አንድ ሰው የሚይዛት ትንሽ ቦርሳ ትኑር። ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ፓራሲታሞል፣ ኦ አር ኤስ፣ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጉብታው ጫፍ ቶሎ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

የገጠሩ ሰው ደጃፍ

ጮቄ ባዶ ተራራ አይደለም። ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ከብት የሚያሰማራበት አገር ነው። ቀድማችሁ ሰላም በሉ። «እንደምን ዋሉ አባባ?» ስትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጆቼ፣ ከየት ናችሁ?» ይባላል። ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ሰው የሚታወቀው እንደዚያ ነው። እናቶችን እማማ በሉ። ቡና ወይም፣ በመልስ ከሆነ፣ ጠላ ቅመሱ ከተባላችሁ እጅ ነስታችሁ ተቀበሉ። የሚቸኩል ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ መቅመስ አለበት። የማይጠጣ ካለ በትሕትና ምክንያቱን ይናገር።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ልጅ ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። «እንልክላችኋለን» ካላችሁ ላኩ። በዘር የተሸፈነ ማሳ አትርገጡ። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ። ለእረኞች ብር ከመበተን ቆሎ ቢካፈሉ፣ ትንሽ ቢያጫውቷቸው ደስ ይላቸዋል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከሆነ ለትምህርት ቤቱ አድርሱ እንጂ መንገድ ላይ አታድሉ።

ስልካችሁን ለፎቶ ብቻ ክፈቱ። ብርድ ባትሪ ይበላል። ስልኩን ከጃኬት ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ያዙት። አንድ ሰው ፓወር ባንክ ይያዝ። አንድ ስልክ ደግሞ ቻርጁ እንደሞላ ተዘግቶ ለድንገተኛ ይቀመጥ።

መውረድና ማግሥቱ

ሰው የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ሲወርድ ነው። እግር ዝሏል፣ ልብ ቤት ደርሷል። አጠር አጠር እያደረጋችሁ ተራመዱ። ዱላውን ወደፊት አስቀድሙ። አሰላለፉ ያው ነው። ሰባት ሰዓት ላይ መመለስ ከጀመራችሁ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ያመጣችሁትን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ በሙሉ ይዛችሁ ውረዱ። ሌላ ሰው የጣለውንም አንድ ከረጢት ሙሉ ብትሰበስቡ እጅግ ጥሩ።

መኪናው ጋ ስትደርሱ ተቆጠሩ። የረጠበ ካልሲ ቀይሩ። የቀረውን ሻይ ተካፈሉ። ለመንገድ መሪው ክፍያውን ከምስጋና ጋር ስጡ።

ገንዘብ ያዡ በማግሥቱ ሒሳቡን ግሩፕ ላይ ይለጥፍ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ስንት ተረፈ። ለድንገተኛ የተያዘው ካልተነካ አትከፋፈሉት። የሚቀጥለው ጉዞ መነሻ ይሁን። የሰውን ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሁሉም ሰው አፍንጫው ቀልቶ መታየት አይፈልግም። ፎቶዎቹን አንድ ሰው ይሰብስብና አንድ ቦታ ያስቀምጥ። ለገጠሩ ቤተሰብ ቃል የገባችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ ወደዚያ በሚሄድ ሹፌር ላኩ።

ከዚያ ያን ቀርፋፋ የነበረውን ጓደኛችሁን ለብቻው ጠይቁት። ምን ከበደህ? ምን ቢቀየር ይሻልህ ነበር? የቀጣዩን ጉዞ እቅድ በእሱ መልስ ጀምሩ። ወደ ጢስ ዓባይ ይሁን፣ ወደ ዘጌ ይሁን፣ ወይም ጮቄን በሌላ ወቅት።